ከፍ ለተደረገች ፒክአፕ የሚስማማውን አሞርዛተር ስለ መምረጥ

ስለ ቤተ ሰብና ስለ ቤት አያያዝ በሚጻፍበት በዚህ ገጽ ስለ መኪና ብረት መጻፋችን ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ነገር ሳይመስለው አይቀርም። ዳሩ ግን በዛሬው ጊዜ በብዙ ቤት መኪና እንደ በቅሎና እንደ አህያ ሆና ከቤተ ሰቡ ጋራ ትኖራለች፤ እህል ትጭናለች፤ ሙሽራ ትወስዳለች፤ በሽተኛ ታደርሳለች፤ ለቀስተኛ ታመላልሳለች። የበቅሎ ጀርባ ሲገጠብ ባለቤቱ ኮርቻውን እንደሚመረምር ሁሉ የመኪናም እግር ሲታመም ምክንያቱን መመርመር የቤተ ሰቡ ሁሉ ጉዳይ ነውና ስለዚሁ ነገር ያየነውንና የለካነውን ለመጻፍ አሰብን።

እኛና ሁለት ወንድሞቻችን በማኅበር የገዛናት መኪና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. የተሠራች ባለ ሁለት ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ ሕዝቡ ቪጎ እያለ የሚጠራት ዓይነት ማለታችን ነው። ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት ወደ አንድ ጋራዥ አስገብቶ ከፍ አስደርጓት ነበር። የከፍታውም አሠራር እንዲህ ነው፤ ከፊት ረዘም ያለ ሞላ ገባላት፤ ከኋላ ደግሞ በባሌስትራው ላይ አንድ ዝርግ ብረት ተጨመረላት። በዚህም ምክንያት ከፋብሪካ ስትወጣ ከነበራት ቁመት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላለች። አሞርዛተሮቹ ግን በፋብሪካው ልክ እንደ ሆኑ ቀሩ። ይህንም ያደረገ ሰው ልጁ በአንድ ዓመት ውስጥ ቁመት ቢጨምርበት ያንኑ የዓምናውን ሱሪ አልብሶ ወደ ሰርግ እንደሚሰድ አባት ነው።

አሞርዛተር የሚለው ስም ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም የሚያደነዝዝ፥ የሚያበርድ ማለት ነው። ባሌስትራ፥ ሞላ፥ ቡሎን፥ ዳዶ፥ ክሪክ የሚባሉት የጋራዥ ስሞችም ከዚያው ቋንቋ የተወረሱ ናቸው። አሁን አሁን ወጣቶቹ ሾክ አብዞርበር ይሉታል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ብዙ ሰው የመኪናን ሸክም የሚሸከመው አሞርዛተሩ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ሸክሙን የሚሸከመው ከፊት ሞላው፥ ከኋላ ባሌስትራው ነው፤ የኋላው አሞርዛተር ጨርሶ ቢወልቅ እንኳ መኪናዪቱ በቁመቷ ትቆማለች እንጂ አትወድቅም። ታዲያ ሥራው ምንድር ነው ቢሉ፥ የሞላንና የባሌስትራን ጠባይ መግታት ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን በሞላ ጫፍ ላይ ድንጋይ አንጠልጥለው ወደ ታች ስበው ለቀቁትና ስንት ጊዜ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ቍጠሩ አሉን፤ ቈጥረን ቈጥረን ሰለቸን። ሞላ የተቀበለውን ኃይል መልሶ ይሰጣል እንጂ አያጠፋውም። አሞርዛተር ግን በውስጡ ዘይት ያለበት ቱቦ ነው፤ በዘይቱም ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ፒስቶን ይመላለሳል። ዘይቱ በዚያ በጠባቡ ቀዳዳ ተጨንቆ ሲያልፍ የመንጠሩ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም በቱቦው ቆዳ በኩል ወደ አየር ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ሲዘረጋ የሚያሳየው እምቢታ ሲጨመቅ ከሚያሳየው ይበልጣል፤ የተጨመቀው ሞላ ተፈናጥሮ እንዳይመለስ የሚይዘው እርሱ ነውና።

የጥንቶቹ መኪናዎች ይህ ዕቃ አልነበራቸውም። የፎርድ ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. ያወጣት ሞዴል ቲ ከፋብሪካ ስትወጣ አሞርዛተር አልነበራትም፤ በ1927 ዓ.ም. ሞዴል ኤ በተተካች ጊዜ ግን በፈረንሳዊው በሁዳይ ስም የሚጠራው የዘይት አሞርዛተር ተደረገላት። ከዚያ ወዲህ ዕቃው ቅርጹን ለወጠ እንጂ ሥራው ያው ነው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንመለስ። ከደብረ ብርሃን ወደ እናታችን አገር ስንሄድ አስፋልቱን ትተን 38 ኪሎ ሜትር ኮረኮንች እንሄዳለን። መንገዱም በብዙ ስፍራ እንደ ታረሰ ማሳ ትልም ትልም ሆኗል። እናታችን 74 ዓመታቸው ነው፤ የወገባቸው አጥንት ስለ ተጎዳ በየወሩ ወደ ሐኪም እናመጣቸዋለን፤ ሐኪሙም ከመድኃኒቱ ጋራ የሰጠን ትእዛዝ ነውጥና መንገጫገጭ እንዳያገኛቸው ነው። ትእዛዙ መልካም ነበር፤ መኪናዪቱ ግን አልሰማችውም። ጎማው ወደ ጕድጓድ በወረደ ቍጥር ከሥራችን ጓ የሚል የመዶሻ ድምፅ ይመጣል። ሰዎች ድንጋይ ነው ይሉን ነበር። ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ በመታ ነበር፤ ይህ ግን ጎማው ወደ ታች ሲወርድ የሚሰማ ነው። ይኸውም የአሞርዛተሩ እጅ ተዘርግቶ አልቆ ከመጨረሻው ጋራ ሲላተም ነው። መኪናዪቱ ከፍ ስላለች ገና ቆማ ሳለች የመዘርጊያውን ግማሽ ያህል ጨርሳዋለችና።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ታናሽ ወንድማችን እየነዳ፥ እናታችን ከፊት፥ እኛ ከኋላ ተቀምጠን ስንመጣ፥ ትልሙ በበዛበት መታጠፊያ ላይ የመኪናዪቱ ጀርባ ወደ ገደሉ ወገን ተንሸራተተ። ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም ነበር። የኋላ ጎማዎቹ በጕብታዎቹ አናት ላይ እየዘለሉ መሬቱን ስላልያዙት መሪ ቢጠመዘዝ፥ ፍሬን ቢያዝ የሚሰማ አልነበረም። በኋላ ግን ያዘችና ቆመች፤ ወርደን ብናይ በጎማውና በገደሉ አፋፍ መካከል የቀረው ሁለት ክንድ አይሞላም። እናታችን ምንም ቃል አልተናገሩም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ።

በሥራችን ምክንያት የመኪና አደጋ ክርክር ብዙ ጊዜ በእጃችን ጽፈናል። ሾፌሩ ፍሬን እምቢ አለኝ ይላል፤ ከሳሹ ፍጥነት ነው ይላል፤ ምስክሩ አቧራ ስለ ነበረ አላየሁም ይላል። አሞርዛተሩ ሞቶ ነበርን? ብሎ የጠየቀ ግን እኛ በተቀመጥንበት ችሎት እስከ ዛሬ አልሰማንም። በአየር ላይ ያለ ጎማ እንደማይቆምና እንደማይታጠፍ የታወቀ ነው፤ ጎማውንም በመሬት ላይ የሚያቈየው ይኸው በጭቃ የተለወሰ ቱቦ ነው።

የሞተውን ከሕያው ለመለየት በተለምዶ የሚደረገው የመኪናውን ማዕዘን በእጅ ተጭኖ መልቀቅ ነው፤ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ጸጥ ካለ ደኅና ነው፤ ደጋግሞ ከነጠረ ሞቷል ይባላል። ይህ ለትንንሽ የቤት መኪናዎች ይሆናል። ባሌስትራዋ ለጭነት ለተሠራ ፒክአፕ ግን ሦስት ጎበዝ ቢጫናትም እሺ ስለማትል በዚህ ምርመራ አንታመንም። የተሻለውን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነገሩን። ኮረኮንች ላይ 20 ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ቁሙና በፍጥነት የአራቱን ቱቦ ገላ በጥንቃቄ ዳስሱ፤ የሠራ ይሞቃል፤ ያልሠራ አይሞቅም አሉን። እንዳሉትም አደረግን። የግራው የኋላ አሞርዛተር እጅ የሚያቃጥል ሆነ፤ የቀኙ ግን እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዞ ተገኘ። በፊተኞቹም ላይ ዘይት ወርዶ አቧራውን ጭቃ አድርጎት ነበር። ስስ የሆነ የዘይት እርጥበት ብቻ ቢታይ አያስደነግጥም፤ እስኪንጠባጠብ ከወረደ ግን ነገሩ አልቋል።

ስለዚህ አራቱንም መለወጥ ግድ ሆነ። ገንዘቡ ግን ለእናታችን ቤት ጣራ ቆርቆሮ መለወጫ ያኖርነው ነበርና የቤተ ሰብ ጉባኤ ተደረገ። እንግዲህ አሳብ የተለያየው በዚህ ጊዜ ነው። ጭነቱን የሚነግደው ታላቅ ወንድማችን፥ “እንግዲያው ከገዛችሁ ከሁሉ የጠነከረውን ግዙ፤ 10 ኩንታል ጤፍ ስጭን ወገቧ እንዳይጐብጥ” አለ። የእኅታችን ልጅ ደግሞ በቴሌፎኑ ላይ የአንድ የውጭ አገር መኪና ሥዕል እያሳየን፥ “ጋሼ፥ ቀዩን ነው እንጂ! በጎኑ ጠርሙስ የመሰለ የዘይት ማጠራቀሚያ ያለውን። እግረ መንገዳችንንም ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ እናድርጋት” አለ። እናታችን ዝም ብለው ሲሰሙ ቈይተው፥ “ጣራው ቢያፈስ ባልዲ ይቀመጥለታል፤ ለወገቤ ግን ምን ታስቀምጡለታላችሁ?” አሉ። ከዚህ በኋላ ስለ ገንዘቡ የተናገረ የለም፤ የቀረው ክርክር ስለ ዓይነቱ ብቻ ሆነ።

እኛ አስቀድሞ የጠየቅነው አንድ ነገር ነው፤ ከፍታው ራሱ ያስፈልጋልን? ሞላውንና ባሌስትራውን ወደ ፋብሪካው ልክ ብንመልሰው በቀላል ዋጋ የሚገኘው አሞርዛተር ይበቃናል። ዳሩ ግን በመንገዳችን ላይ ድልድይ የሌለው ወንዝ አለ፤ መካከሉም በዓለት የተሞላ ነው፤ ከዚህ በፊት በጎረቤታችን ዝቅተኛ መኪና ስንሻገር ሆዷ ዓለቱን ሲፍቅ ሰምተናል። ስለዚህ 5ቱ ሴንቲ ሜትር ይቈይ ተባለ። 10 ይሁን ለሚለው ግን እሺ አላልንም፤ ለምን ቢሉ፥ የዚች መኪና የፊት እግሮች በየራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ስለ ሆኑ ከፍታው ሲበዛ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ እየተጣመመ ይሄዳል፤ በመገጣጠሚያው ላይ ያለው የላስቲክ ከረጢት ይቀደዳል፤ አቧራም ይገባበታል። ከፍ ያለች መኪና በመታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ ቅርብ መሆኗንም ያንን ገደል ያየ ሰው አይዘነጋውም።

ስለ ጥንካሬው ደግሞ በቃል ከመከራከር ይልቅ መዝገብ መያዝን መረጥን። አንድ ወር ሙሉ መኪናዪቱ በየቀኑ ምን እንደ ጫነች በደብተር ጻፍን። ከ30 ቀን ውስጥ ከ6 ኩንታል በላይ የጫነችው 4 ቀን ብቻ ነው፤ 9 ቀን ሰው ብቻ ይዛ ወይም ባዶዋን ሄደች፤ በቀረው 17 ቀን ከደጅ ቆማ ዋለች። ታላቅ ወንድማችን ደብተሩን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየና ዝም አለ። ለከባድ ጭነት ብቻ የተሠራ አሞርዛተር በባዶ መኪና ላይ ሲገባ እያንዳንዱን ጠጠር ወደ ተሳፋሪው ወገብ ያደርሰዋል፤ ስለ 4 ቀን ጭነት 9ኙን ቀን መንገላታት ሊሆን ነው። 10 ኩንታልና አምስት ሰው መጫንን በተመለከተ ግን መኪናዪቱ ከተሠራችበት ልክ ያለፈ ነውና አሞርዛተር መድኃኒት አይሆነውም።

አሁን ስለ ልኬት እንናገር። ብዙ ሰው በዚህ በኩል ችላ ብሎ በቀጥታ ወደ ሱቅ ይሄዳል፤ ነጋዴውም ስንት ዓመት ምሕረት የተሠራች ናት? ብሎ ብቻ ይጠይቀዋል። ከፍ ለተደረገች መኪና ግን የተሠራችበት ዓመት አይበቃም፤ የዛሬ ቁመቷ ይፈለጋል። እኛም መኪናዪቱን ባዶዋን በደልዳላ ስፍራ አቁመን፥ የጎማዎቹን አየር አስተካክለን፥ ከጎማው መካከል እስከ መከላከያው ጠርዝ ድረስ በሜትር አራቱንም ማዕዘን ለካን። የግራው ኋላ ከቀኙ በ1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ይህም የባሌስትራው ድካም ስለ ሆነ አሞርዛተር እንደማያቃናው አስቀድመን አወቅን።

ቀጥለን የኋላ አሞርዛተሮቹን ፈታን፤ ከሻንሲው ሥር ክሪክ አግብተን፥ በወፍራም ግንድ ደግፈን፥ ጎማው በአየር እስኪንጠለጠል ድረስ አነሣናት። ከላይ ከሚታሰርበት ቡሎን እስከ ታችኛው ድረስ ያለውን ርቀት ለካን። በዚህ ጊዜ ዓይን የሚያስፈልገው ለፍሬኑ ቱቦ ነው፤ የላስቲክ ቱቦው ተወጥሮ ገመድ እንዳይሆን ከዚያ አስቀድሞ አሞርዛተሩ መያዝ አለበት። ቀጥሎም መኪናዪቱን በጎማዋ አቁመን በአክሱሉና ከሻንሲው ሥር ባለው የመምቻ ላስቲክ መካከል ያለውን ክፍተት ለካን። ሸክም ሲበዛ ወይም ጕድጓድ ሲያጋጥም አክሱሉ ወጥቶ ያንን ላስቲክ ይመታል፤ ላስቲኩም ጥቂት ይጨፈለቃል። አሞርዛተሩ ተጨምቆ የሚያልቅበት ልክ ከዚህ የግድ ያጠረ መሆን አለበት፤ አለዚያ የመኪናው ሸክም ሁሉ በአሞርዛተሩ ላይ ያርፍና ዘንጉን ያጣምመዋል ወይም ማሰሪያውን ይገነጥለዋል። ስለዚህ ረዥም ሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም። ሲዘረጋ የፍሬኑ ቱቦ ሳይወጠር የሚቆም፥ ሲጨመቅም ላስቲኩ ቀድሞ የሚመታለት፥ በእነዚህ በሁለቱ ወሰኖች መካከል የሚመላለስ መሆን ይገባዋል።

የእኛው አሮጌ አሞርዛተር ሲለካ ድሮ መኪናዪቱ ባዶዋን ቆማ ወደ ታች 9 ሴንቲ ሜትር የሚዘረጋበት ነበረው፤ ከፍ ከተደረገች ወዲህ ግን የቀረው 4 ከግማሽ ብቻ ነው። ከ5 ጥቂት ያነሰውን ያጠፋው አሞርዛተሩ ዘንበል ብሎ ስለሚታሰር ነው።

ለፊተኛው ልኬቱ ይለያል። የፊቱ አሞርዛተር የሚታሰረው በታችኛው ክንድ መካከል አጠገብ እንጂ በጎማው ላይ ስላልሆነ ጎማው 5 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ እርሱ የሚረዝመው ግማሹን ያህል ነው። ይህን ማወቃችን በኋላ ጠቀመን፤ አንድ ሻጭ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ለማግኘት 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቀለበት ከአሞርዛተሩ አናት ላይ ይጨመር ብሎን ነበርና። እንዲያ ቢደረግ የሚወጣው ከፍታ ወደ 10 በቀረበ ነበር።

ልኬታችንን በወረቀት ይዘን 130 ኪሎ ሜትር ተጕዘን አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ገባን። የመለዋወጫ ሱቅ የሚፈልግ ሰው በዚያ የሚያጣው ነገር ቢኖር ጸጥታ ብቻ ነው። ከፊታችን የተደረደሩት አራት ዓይነት ነበሩ።

አንደኛው በፋብሪካው ልክ የተሠራ ባለ ሁለት ቱቦ ነው፤ መልካም ዕቃ ነው፤ ለእኛ ግን አጭር ነው። ሁለተኛው ባለ አንድ ቱቦ የሚባለው ነው፤ ይህንም ዓይነት ደ ካርቦን የተባለ ፈረንሳዊ አስቦት የጀርመኑ ቢልሽታይን ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ለገበያ ያወጣው ነው። በውስጡ ዘይቱና በብርቱ የታመቀው የናይትሮጂን ጋዝ በአንድ ተንሳፋፊ ክዳን ይለያያሉ። ኮረኮንች ላይ ፒስቶኑ በፍጥነት ሲመላለስ ዘይት ከጋዝ ተቀላቅሎ እንደ ጠላ አረፋ ያወጣል፤ በአረፋ ውስጥ ደግሞ ፒስቶን ያለ እምቢታ ያልፋል፤ ጧት ደኅና የነበረ አሞርዛተር ወደ ቀትር የሚሰንፈው ስለዚህ ነው። ባለ አንድ ቱቦው ይህን ይከለክላል፤ ቆዳውም አንድ ብቻ ስለ ሆነ ቶሎ ይበርዳል። ነገር ግን ያ ቆዳ ራሱ የፒስቶኑ መመላለሻ ነውና ጎማ ያስፈነጠረው ድንጋይ ቢያጎደጕደው ፒስቶኑ ይታነቃል። ባለ ሁለት ቱቦው ግን የውጭው ቢጎደጕድም የውስጡ ይሠራል። ወንዛችንንና ዓለቱን እያሰብን ይህን በልባችን ያዝነው።

ሦስተኛው ወፍራም ባለ ሁለት ቱቦ ነው፤ ከፍ ላሉ መኪናዎች ተብሎ ዘንጉ የረዘመ፥ ዘይቱም የበዛ ነው። አውስትራሊያውያን በዚህ ዓይነት ሥራ የታወቁ ናቸው፤ አገራቸውም ረዥም የኮረኮንች መንገድ ያለው ነውና አያስደንቅም። አንዳንዱም በጋዙ ፈንታ በውጭው ቱቦ ውስጥ ስፖንጅ የመሰለ ነገር ስላለበት ዘይቱ አረፋ እንዳያወጣ ያግዘዋል። አራተኛው ከውጭ አገር ከተፈቱ መኪናዎች የመጣ፥ ተጠርጎ ቀለም የተቀባ አሮጌ ነው። የዚህ ዋጋ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ዘንጉን በጣታችን ብንዳብስ መካከሉ ላይ ጭረት አገኘን። የተጫረ ዘንግ በወጣና በገባ ቍጥር ዘይቱን የሚያግተውን ላስቲክ እንደ ሞረድ ይበላዋልና መልሰን አኖርነው።

በየቀኑ ማኅተምና ፊርማ ስናመሳክር የምንውል ሰዎች ስለ ሆንን ካርቶኑን ሳናነብ ገንዘብ አልቈጠርንም። በአንደኛው ሱቅ የታወቀ ስም የተጻፈበት ካርቶን ቀረበልን፤ በጎኑ ያለው የኩባንያው ስም በአንድ ፊደል ጐድሏል፤ በካርቶኑ ላይ ያለው ቍጥርና በቱቦው ብረት ላይ የተመታው ቍጥርም አይገናኙም። ነጋዴው፥ “ፋብሪካው ቸኵሎ ነው” አለ። እኛም አንቸኵልም ብለን ወጣን።

በመጨረሻ የወሰድነው ሦስተኛውን ዓይነት ነው፤ የማንን ሥራ እንደ ሆነ መጻፍ ማስታወቂያ እንዳይሆንብን እንተወዋለን። ጥንካሬው መካከለኛ ሆኖ ከተጨመረው ባሌስትራ ጋራ የሚሄድ፥ ዝርዝሩም ላይ የተጻፈው የተዘረጋና የተጨመቀ ርዝመት በወረቀታችን ካሉት ሁለት ወሰኖች መካከል የሚገባ ነበር። ነጋዴው ፊት ሜትራችንን አውጥተን ዕቃውን ራሱን ለካን፤ የጻፈውና የሆነው አንድ ሆነ። ለአራቱ የከፈልነው ከሁለት ወር ደመወዛችን ይበልጣል። ጎን ላይ ጠርሙስ የመሰለ ማጠራቀሚያ ያለው የእኅታችን ልጅ ቀይ አሞርዛተር በመስኮት ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ለረዥም የምድረ በዳ እሽቅድድም ለሚሄድ ሰው መልካም ነው፤ የአንዱ ዋጋ ግን የእኛን ሦስቱን ይገዛ ነበር።

ስለ መግጠሙ ጥቂት ቃል እንጨምር፤ መልካም ዕቃ በመጥፎ እጅ ሲበላሽ አይተናልና። ባለ ሁለት ቱቦ አሞርዛተር በመጋዘን ተጋድሞ ስለሚቈይ በውስጡ አየር ከዘይት ጋራ ይቀላቀላል፤ ስለዚህ ከመታሰሩ በፊት ቀጥ አድርጎ አቁሞ አምስት ስድስት ጊዜ ማመላለስ ያስፈልጋል። ሁለተኛም ዘንጉ አብሮ ሲዞር አንዳንዱ ሠራተኛ በፒንሳ ይይዘዋል፤ ያን ያደረገ እንደ ሆነ አዲሱ ዘንግ ቅድም የጣልነውን አሮጌ ሆነ ማለት ነው። ሦስተኛም ጎሚኒ ያለባቸው የታችኞቹ ቡሎኖች መኪናዪቱ በክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ሳለች በላላ ታስረው፥ ወርዳ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ይጠብቃሉ። ተንጠልጥላ ሳለች የጠበቀ ጎሚኒ መኪናዪቱ ስትወርድ ተጣምሞ ይቀርና ሳይቈይ ይቀደዳል። እንደዚሁም ምንጊዜም ቢሆን ግራና ቀኝ አብረው ይለወጣሉ፤ አንድ እግሩ ጫማ፥ አንድ እግሩ ባዶ የሆነ ሰው ቀጥ ብሎ አይሄድም። የፊተኞቹ ሞላው በብርቱ ተጨምቆ የሚፈታ ስለ ሆነ ይህን በቤት መሞከር ጣት ወይም ሕይወት ያስከፍላል፤ የመጨመቂያ መሣሪያ ላለው ጋራዥ ሰጠነው። ከፍታው ከተነካ በኋላም የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ በመሣሪያ እንዲስተካከል አደረግን፤ አለዚያ ጎማው በአንድ ጎኑ ይበላል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ያንኑ መንገድ ሄድን። ጓ የሚለው ድምፅ ጠፋ። በዚያ በመታጠፊያው ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስንደርስ ጀርባዋ ከመንገዱ አልወጣም፤ ሆኖም ታናሽ ወንድማችን አሁን በዚያ ስፍራ ከ30 አያልፍም። ከፉርጎው ጠርዝ የተንጠለጠለው የውሃ ጀሪካን እንደ ቀድሞው ተዘሎ አልወጣም። ትልሙ ግን እንዳለ ነው፤ አሞርዛተር መንገድ አያደለድልም፤ ከአስፋልቱ ስንወጣ ከጎማዎቹ ጥቂት አየር ማውጣትና ስንመለስ መሙላትም ልማዳችን ሆኗል። 500 ኪሎ ሜትር ከሄድን በኋላ ቡሎኖቹን ሁሉ በመፍቻ ዳግመኛ ፈተሽን፤ አንዱ ሩብ ዙር ላልቶ ተገኘና ጠበቀ።

እናታችን ከሐኪሙ ስንመለስ መንገዱ አጠረ ወይ? ብለው ጠየቁን። የእኅታችን ልጅ አሮጌዎቹን አሞርዛተሮች ወስዶ አንዱን በመጋዝ ቈርጦ ውስጡን አየው፤ ከቀዝቃዛው ቱቦ የወጣው ዘይት አንድ የቡና ስኒ አይሞላም። ክረምቱም ገባ፤ በእናታችን ቤት ሁለት ባልዲ ተቀምጧል፤ የቆርቆሮው ጉዳይ ለጥር ተቀጥሯል።